ግብር ቢሮ የቆሙት ሽማግሌዎች

ልጅ ለመዳር ሽማግሌ የላከ ሰው ሞልቷል። ባልና ሚስት ለማስታረቅ፣ የወሰን ጠብ ለማብረድ፣ የኮበለለች ሙሽራ ለመመለስ ሽማግሌ ይላካል። ከመንግሥት ቢሮ የግብር መረጃ ለመጠየቅ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከእኔ በፊት ካለ ብቅ ይበልና አብረን እንቀመጥ፤ ብቻዬን የከተማው መሳቂያ መሆን ሰልችቶኛል።

አሁንማ አልሃምዱሊላህ ነው። ነገሩ አልቋል፣ እንቅልፌ ተመልሷል፣ የምበላውም ይጣፍጠኛል። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ እስቃለሁ። እንዲያውም ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ራሴ ላውራው ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ያለችኝ አሮጊት ነኝ። ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ለልጆች ከረሜላ። ትምህርቴን ያገኘሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ፊደል ቆጠርሁ፣ መደመርና መቀነስ ተማርሁ፣ ከዚያ አስተማሪያችን ታመመና በዚያው ቀረሁ። ሌላውን ያስተማረኝ ገበያው ነው። አንድ ጠባይ ግን አለብኝ፤ አድልዎ ካየሁ አፌን መያዝ አልችልም። ሠርግ ቤት ተጠርቼ ሳህኔ ላይ ከጎረቤቴ የበዛ ሥጋ ካረፈ አንስቼ እመልሳለሁ። የጎረቤቴ ከበዛም አንስቼ እመልሳለሁ። በዚህ የተነሳ ሠርግ ቤት ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው እየጠፋ መጥቷል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የልጅ ልጄ ሐያት ናት። እናቷ ዘሀራ፣ የእኔ ልጅ፣ ሐያት ገና ዳዴ ስትል ዐረብ አገር ሄዳ እስከ ዛሬ በሰው ቤት ትሠራለች። ሐያትን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ያስተማራት ደግሞ የእናቷ ጉልበት ነው። አንደኛውን ዲግሪ ጨርሳ ሁለተኛውን ደሴ ጀመረች። መጀመሪያ ኮሮና አቋረጣት። ከኮሮና ስትተርፍ ጦርነቱ መጣ። ሁላችንም ተሰደድን፤ ስንመለስ እኔ ሱቄን ባዶ፣ እሷም ትምህርት ቤቷን ባዶ አገኘን። ያም አለፈና እንደገና ጀመረች። የቀራት የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ትዕግሥቱ አለቀበትና "ሰኔ ሳያልቅ ካላስረከብሽ ከዚህ በኋላ አናውቅሽም" አላት።

ዘሀራ በዚያው ሰሞን ደወለች።

"እማ፣ ጉልበቴ አልችል ብሏል። ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ማዳሜ በቦታሽ የሚተካ ሰው ካመጣሽ እለቅሻለሁ ብላለች። ሐያት በሰኔ ካልጨረሰች ትምጣ። ቪዛው ተዘጋጅቷል።"

እንግዲህ አስቡት። ጽሑፉ ካለቀ ሐያት እዚህ ትቀራለች። ካላለቀ የሰው ቤት መጥረጊያ ልትይዝ ትሄዳለች። የቀረችኝ ልጅ በአንዲት ሰኔ ላይ ተንጠለጠለችብኝ።

ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ስትነግረኝ ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ትንሹም ትልቁም ነጋዴ ግብር የሚከፍለው እንደ አቅሙ ነው ወይ? ከጦርነቱ በፊትስ እንዴት ነበር? አሁንስ? ይህን ጥያቄ እኔ ዲግሪ ሳይኖረኝ ስጠይቀው የኖርሁት ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ሆቴል አለ። ባለቤቱ የግብር ነገር ሲነሳ ከእኔ ብሶ ያለቅሳል፤ መሐረብ ሁሉ ያወጣል። እሱ የሚከፍለውንና እኔ የምከፍለውን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ ብዬ ብዙ ዘመን ተመኝቻለሁ።

"በይ መረጃው የት ነው ያለው?" አልኋት።

"ግብር ቢሮ።"

"ተነሺ እንሂድ።"

"እምዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ?"

"ግብር ከፋይ አይደለሁም እንዴ!"

የትኛው ቢሮ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ቢሮ ሞልቷል፤ ደስ ያላችሁን ምረጡ። ኃላፊው ይመር የሚባል፣ ገና ያላገባ፣ ቁመቱ የበዛ፣ ድምፁ ያነሰ ልጅ ነው። ስንገባ ከወንበሩ ተነስቶ ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ወንበሩን የሚሰጥ ባለሥልጣን ሌላ የሚሰጠው ነገር የለውም ማለት ነው።

የሐያትን የድጋፍ ደብዳቤ አነበበና አንገቱን ሰበር አድርጎ እንዲህ አለ፦ "እማማ፣ ጥናቱ ጥሩ ነው፤ እኛንም ይጠቅመናል። ግን የግብር ከፋይ መረጃ ሚስጥር ነው፣ ሕጉ እንዲሁ እንድንሰጥ አይፈቅድም። ለጥናት ሲሆን ከበላይ ይፈቀዳል። ማመልከቻ ይሞላል፣ የጥናቱ ዕቅድ ይታያል፣ ሚስጥር ለመጠበቅ ውል ይፈረማል። በዚያ ላይ እዚህ የነበሩት ኮምፒውተሮች በጦርነቱ ተወስደዋል። የድሮው መረጃ ያለው ክልል ነው።"

"ሰኔ ሳያልቅ ይደርሳል?"

ይመር ጣሪያውን አየ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። አንድ የሸረሪት ድር ነበር።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ" አልሁት። "ሚስጥሩ የማን ነው? የአንተ ነው?"

"የእኔ አይደለም፣ የነጋዴው ነው። እኛ አደራ ጠባቂ ነን።"

"ታዲያ ባለቤቱ ከፈቀደስ?"

"እሱማ ባለቤቱ ከፈቀደ..." ብሎ ጀመረ። የቀረውን አልሰማሁም፤ ከወንበሩ ተነስቼ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ የቀረው "...በጽሑፍ፣ እያንዳንዱ በግሉ፣ በሕግ ክፍል ታይቶ ነው" የሚል ነበር። እኔ በበኩሌ ነገሩ ተፈታ ብዬ ሐያት ማመልከቻዋን እስክትሞላ የድጋፍ ደብዳቤውን ግልባጭ ይዤ በቀጥታ ገበያ ወረድሁ። የሰው ሚስጥር ለማየት ሰውየውን ማስፈቀድ ነው እንጂ የሩቅ አለቃ ማስፈቀድ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

የገበያ ቀን ነበር። በአንድ እጄ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ ከሱቅ ሱቅ መዞር ጀመርሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ከለውጡ በፊት የቀን ገቢ ገማቾች በየሱቁ ዞረው ነበር። እነሱም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው፣ ፈገግ ብለው፣ ጤና ይስጥልኝ እያሉ ነው የገቡት። ሻይ ቤት ገብተው ብርጭቆ ቆጥረው ሄዱ፤ በኋላ የተጫነባቸውን ግብር ሲሰሙ በድንጋጤ የታመሙ ሰዎች ነበሩ። እኔ ራሴ ያን ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄጄ ጮኼያለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያን ቀን ግን አንድም ነገር ትዝ አላለኝም።

መጀመሪያ ሻይ ሻጯ ጋ ደረስሁ። "የእኔ እናት፣ ሐያት የሁላችሁንም ግብር ልታይ ነው። ትፈቅጃለሽ?" አልኋት። ወረቀቱን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ቀሚሷ ስር አስገባችና ተቀመጠችባቸው።

"ሻይ ትቻለሁ፣ እትዬ" አለች። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ከስሯ ኪል ኪል ይላል።

ዓሣ ጠባሿ ከፊቷ የዓሣ ክምር ተራራ አክሎ "ለሽያጭ አይደለም፣ ለቤቴ ነው" አለችኝ።

"ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?"

"እንግዳ አለብኝ።"

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ከሩቅ ሲያየኝ የደንበኛው ወንበር ላይ ዘሎ ወጥቶ ጨርቁን አንገቱ ላይ ጠመጠመ። "እኔም ልቆረጥ ነው የመጣሁት፣ ባለቤቱ የለም" አለኝ። የማላውቀው ይመስል! እሱ ሲወለድ እናቱን ያዋለድኋት እኔ ነኝ!

ተናድጄ አያ ጌታሁን ጋ ሄድሁ። አያ ጌታሁን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ የቆየ ወዳጄ ነው። ስንሰደድ የእኔን ፍራሽና የእሱን ጣቃ በአንድ አህያ ጭነን ነው የወጣነው። እሱ ይገባዋል ብዬ ነበር።

"እትዬ" አለኝ፣ ሜትሩን ከእጁ ሳይለቅ፣ "አንድ አህያ ተጋርተን የወጣን ሰዎች ነን። ዛሬ ገማች ሆነሽ መጣሽብኝ?"

"ኧረ በአላህ! ለፍትሕ ነው የምዞረው!"

"ፍትሑ ከእኔ ሱቅ ይጀምር ያለሽ ማን ነው?"

"ስለማምንህ ነው ከአንተ የምጀምረው።"

"እንግዲያው አትመኚኝ" አለና የቆርቆሮ በሩን ጎትቶ ከውስጥ ቆለፈ።

የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ድምፁን ታውቁታላችሁ። የእሱን የሰማ ጎረቤቱ ዘጋ። የጎረቤቱን የሰማ ማዶ ያለው ዘጋ። ባለ ፎቁም መሐረቡን እንደያዘ በረንዳው ላይ ወጣ፣ ቁልቁል አየኝና ሆቴሉን አዘጋ። የቀትሩ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ ከመስጊዱ እስከ መናኸሪያው ድረስ ክፍት ሱቅ ጠፋ።

አሁን የሚመጣውን ስሙ። በእኛ አገር በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ሁሉ ተዘጋ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ በሮች ተዘጉ፣ ከዚያ ሰው ሮጠ፣ ከዚያ ተኩስ ተሰማ። እህል ይዘው የመጡ የአምባሰል ገበሬዎች የተዘጋውን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ አህዮቻቸውን መልሰው ነዱ። አህዮቹ ሲሮጡ ያዩ ሴቶች ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ባጃጁ ሁሉ ወደ ደሴ አፉን አዞረ። አንዱ "መጡ!" አለ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እኔም ሰማሁ። "መጡ!" ሲባል እግሬ ቀድሞኝ ቤቴ ገባሁ። ብርድ ልብስ ዘረጋሁ፣ ስኳር ጨመርሁ፣ ቁርዓኑን በሻሽ ጠቀለልሁ፣ ዶሮዋን ክንፏን ያዝሁ። ሐያት ጠረጴዛዋ ላይ እየጻፈች ነበር።

"እምዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ተነሺ! መጥተዋል!"

"እነማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል!"

"ማን ዘጋው?"

"መጀመሪያ የዘጋውማ ጌታሁን ነው።"

"አያ ጌታሁን ለምን ዘጋ?"

ይህን ጊዜ ሐያት እጄ ላይ የነበረውን ወረቀት አየች። ማኅተሙን አየች። ዓይኗ ቀስ እያለ ሲሰፋ አየሁት።

"እምዬ... ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?"

ዶሮዋን መሬት ላይ አስቀመጥኋት። ራሴ ካስነሳሁት ወሬ ራሴ ልሰደድ ዕቃዬን የጠቀለልሁ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቀበሌ ጠሩኝ። ሚሊሻዎቹም ነበሩ። ወሬውን ማን ጀመረው ተብሎ ሲጠየቅ ከተማው በሙሉ አንድ አፍ ሆኖ እኔን ጠቆመ፤ በሕይወቴ ሐይቅ እንደዚያ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። መከሩኝ፣ ገሠጹኝ፣ ጨርሰው ደግሞ የሳቁም ነበሩ። ያ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ይመር ለሐያት የነገራት ነው።

"እህቴ፣ ማመልከቻሽ ገና ሳይላክ ከተማው ሊሰደድ ነበር። አሁን ወደ ላይ ብልከው ሕዝብ ያሸበረው ጥናት ይሄ ነው ይሉኛል። ነገሩ እስኪበርድ ይቆይ።"

ይቆይ! ይህች ቃል ለሌላው ሰው ቃል ናት፤ ለእኛ ቪዛ ናት።

ሐያት አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ በወደድሁ። ማታ ልብሷን እያጣጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ለእናቴ ንገሪያት፤ ፓስፖርቴን ላዘጋጅ" አለችኝ። ያጣጠፈችውን ቀሚስ ደግማ ዘርግታ ደግማ አጠፈችው። ያን ጊዜ በአፌ የበተንሁትን በአፌ መሰብሰብ እንደማልችል ገባኝ። የእኔ አፍ የሚበትን እንጂ የሚሰበስብ አይደለም። የሚሰበስብ አፍ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ ነበረብኝ።

ሼህ ሙሄና አባ ኃይሌ በእኛ አካባቢ ተለያይተው ሽምግልና ሄደው አያውቁም። አንዱ በዱዓ ይከፍታል፣ ሌላው በጸሎት ይዘጋል፤ ባለጉዳዩ እስላም ይሁን ክርስቲያን አይጠየቅም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኋቸው።

"ልጅ ነው የምናመጣው ወይስ እርቅ?" አሉ ሼህ ሙሄ።

"መረጃ ነው።"

"መረጃ ማለት?"

"ማን ምን ያህል ግብር እንደከፈለ የሚያሳይ።"

ሁለቱ ተያዩ። አባ ኃይሌ ጢማቸውን ዳሰሱና "ባለቤት አለው?" አሉ።

"ባለቤትም አለው፣ ጠባቂም አለው።"

"እንግዲያው ይጠየቃል" አሉ።

እኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ሥርዓት አለው። ገብቶ ሰላም ይላል፣ ይመርቃል፣ ግን ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም። የመጣበት ሳይፈቀድለት ወንበር አይነካም፣ ውሃም አይቀምስም። ሽማግሌ ቆሞ ደግሞ ባለቤቱ አይቀመጥም፤ ነውር ነው። ይህ ሥርዓት ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ነው። ግብር ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እኔና ሐያት ደጅ ቀረን፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው። ይመር ከወንበሩ ተነሳ። ጸሐፊዋ ተነሳች። ገንዘብ ተቀባዩ ተነሳ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ባለጉዳዮችም አንድ በአንድ ተነሱ።

"ተቀመጡ፣ አባቶቼ" አለ ይመር።

"አንቀመጥም" አሉ ሼህ ሙሄ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዕድሜ ልክ በለመዱት ጀመሩ። "ቤታችሁን ወደን፣ ጨዋነታችሁን ሰምተን መጥተናል። አንዲት ልጅ አለችን። እናንተም ዘንድ የምንፈልገው አለ..."

ጸሐፊዋ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ይመር ዞረ። ይመር ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀለም ሆነ። ከባለጉዳዮቹ መካከል አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ ነበር፤ በአፏ ላይ እንደያዘችው ቀረ።

"ሼህ፣ ጋብቻ አይደለም እኮ" አሉ አባ ኃይሌ ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ። አጀማመሩ አንድ ነው።"

ከዚያ አባ ኃይሌ ነገሩን ተቀበሉ። "ልጄ፣ ሁለት ነገር ይዘን መጥተናል። መጀመሪያ ይቅርታ ነው። ያቺ ሴትዮ ከተማውን አሸብራለች። ልቧ ቀና ነው፤ አፏ ግን ከልቧ ቀድሞ ይደርሳል።"

ይህን ስሰማ ልገባ ተነሳሁ፤ ሐያት ኩታዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ሁለተኛው የልጅቷ ነው። ልጅቷ አላጠፋችም። ኮሮና ቀጣት፣ ጦርነት ቀጣት፣ አሁን ደግሞ አያቷ። በሰኔ ካልጨረሰች ተሰዳ ልትቀር ነው። ሕጋችሁን አፍርሱ አንልም። ሕጉ የሚፈቅደውን በጊዜ ስጡን ነው የምንለው።"

ይመር ማመልከቻውን ከመሳቢያ አወጣ። "አባቶቼ፣ እኔ በበኩሌ እሺ ነው። ማመልከቻውን ዛሬ እልካለሁ። ግን ብቻዬን አልወስንም፤ የበላይ አካል ማማከር አለብኝ። ቀጠሮ ልስጣችሁ።"

እኔ ደጅ ሆኜ ራሴን ያዝሁ፤ ይሄው እንደገና የበላይ አካል! ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው በራ። ለካ ለጋብቻ ሲጠየቅም የልጅቷ አባት ዘመድ ላማክር ሳይል ልጁን አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ራሱ ያጠራጥራል።

"ማሻአላህ፣ የጨዋ ልጅ ነህ" አሉ ሼህ ሙሄ። "አማክርና እንመጣለን።" ውሃ ሳይቀምሱ ወጡ።

በቀጠሮው መጡ። ከበላይ መልስ አልደረሰም። ቆሙ። ቢሮው ቆመ። በሌላው ቀጠሮም መጡ፤ አሁንም የለም። ቆሙ። ገንዘብ ተቀባዩ ቆሞ ደረሰኝ መጻፍ ለመደ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ካርቶን ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ባለጉዳዮቹ "ዛሬ ሽማግሌ አለ ወይ?" ብለው ከደጅ እየጠየቁ፣ አለ ሲባሉ ለሌላ ቀን ይመለሱ ጀመር። ይመር በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፊት ስልኩን አንስቶ ክልል ደወለ።

"አለቃዬ፣ ስለዚያች ተመራማሪ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። ሠራተኛው በሙሉ ቆሟል።"

"ተቀመጡ በላቸው!" አለ ከወዲያ።

"አይቀመጡም። እርስዎ ካልፈቀዱ አይቀመጡም።"

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ትልልቅ ሰዎች ናቸው?"

"የአባቴ ታላቆች ናቸው፣ አለቃዬ።"

ከዚያ፣ ይመር ምሎ እንደነገረኝ፣ በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። ሰውየው ክልል ላይ ሆኖ ቆሟል! እናቱ የወሎ ሰው ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እግር አወጣ። የውሉ ቃል መጣ። የነጋዴው ስም ወጥቶ በቁጥር ይተካል። ሐያት ከጥናቷ በቀር ለምንም አታውለውም፣ ለማንም አታሳይም። ይመር ይህን ካነበበ በኋላ ከራሱ አንዲት ቃል ጨመረ፦ "በተለይ ለአያቷ።" ሽማግሌዎቹ "ተገቢ ነው" ብለው ዋስ ሆኑ። አንዳቸውም እኔን አላማከሩኝም።

መረጃው የነጋዴ ስም እንደሌለበት ሼህ ሙሄ በመስጊድ፣ አባ ኃይሌ በቤተ ክርስቲያን ተናገሩ። አያ ጌታሁን ወሬውን ሰምቶ ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም፤ ጨው ገዛ፣ ጨውም ቤቱ ሞልቶ ነበር።

"ስም የለውም ከሆነ ያኔውኑ አትነግሪኝም?"

"እኔስ መች አወቅሁና?"

"ሳታውቂ ነው ያስደነገጥሽኝ?"

"አውቄ ባስደነግጥህ ይሻልህ ነበር?"

አሰበበት። "ኧረ አይሻለኝም" አለና ሳቀ። ጨዉን ረስቶት ሄደ።

መረጃው የመጣው ሰኔ ሳይገባ ነው። ይመር ሽማግሌዎቹን አስጠራ፣ እኛንም አስገባን። ሁሉም እንደተለመደው ቆሟል። "አባቶቼ" አለ፣ "መርሐባ። ተፈቅዷል። አሁን ተቀመጡ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ይዘው፣ ያ አላህ፣ በስመ አብ እያሉ ዝቅ ብለው ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ቢሮው በሙሉ ባንድ ጊዜ ተቀመጠ። ያን የወንበር ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ይመስላል። ሐያት ፈረመች። ሼህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፣ አባ ኃይሌ አሜን አሉ፤ አባ ኃይሌ ጸለዩ፣ ሼህ ሙሄ አሚን አሉ። ሁለቱም ሲጨርሱ ይመርን ጥሩ ሚስት እንዲሰጠው መረቁት። ጸሐፊዋ ከሁሉ ጮክ ብላ አሜን አለች። ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ አፌን ይዣለሁ።

ቤት ገብተን ሐያት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ከጀርባዋ ቆምሁ።

"ባለ ፎቁ የቱ ነው?"

"አላውቅም፣ እምዬ። ቁጥር ብቻ ነው።"

"ትልቁን ቁጥር አሳይኛ።"

"ፈርሜያለሁ።"

"እኔስ የቱ ነኝ?"

"አንቺንም አላውቅሽም።"

"ያሳደግሁሽን አታውቂኝም?"

ኮምፒውተሩን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ተናድጄ ወደ ሱቄ ወጣሁ። ባለ ፎቁ በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ እኔ ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኔ የእሱን ማየት ቢፈቀድልኝ ኖሮ ለእሱም የእኔን ማየት ሊፈቀድለት ነበር። ያቺን የጨውና የክብሪት ሱቄን መሐረብ ይዞ ሲያገላብጣት ታየኝ። ዘገነነኝ። ሐያት እሱን ከለከለች፣ እኔንም ከለከለች። እኩል ነው። እኩል መሆን እንዲህ እንደሚያንገበግብ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሰኔ ሳያልቅ ጽሑፉን አስረከበች። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፤ አስተማሪዎቿም ፊት ቀርባ የጠየቋትን መልሳ አለፈች። ከደሴ የተመለሰች ቀን ሱቅ ዘጋሁ፤ ቀስ አድርጌ፣ ድምፅ ሳላሰማ ነው የዘጋሁት፣ ደግሞ ሰው እንዳይሰደድብኝ። ከዚያ ለዘሀራ ደወልሁ።

"እማ፣ በደህና ነው? ማዳሜ እየጠየቀችኝ ነው፤ ቪዛው ሊቃጠል ነው።"

"ይቃጠል። ሐያት ጨርሳለች።"

ድምፅ ጠፋ። ኔትወርክ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልሁ። ኔትወርክ አልነበረም።

"እማ" አለች በመጨረሻ፣ "በየሶላቴ እንዳትመጣ አላህን ስለምን ነው የከረምሁት።"

"አንቺ! በሶላት አታምጣት፣ በስልክ ትምጣ? አላህን ግራ ልታጋቢ ነው እንዴ?"

"ጉልበቴ ነዋ፣ እማ። ምን ላድርግ? በእኔ ቦታ የምትቆም ሌላ ማን አለችኝ?" አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለኝ። "እንግዲህ ዲግሪዋን ከያዘች... እኔ እዚህ ለማን ብዬ ነው የምቆየው?"

"ለማንም" አልኋት። "ትኬት ቁረጪ።"

"ምን ይዤ ልምጣ? ብርድ ልብስ? ቴሌቪዥን?"

"ምንም። ባዶ እጅሽን ነይ። ዕቃ ከያዝሽ ቀረጥ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ከመንግሥት ጋር ሌላ ጉዳይ አልጀምርም።"